ፖስት ካርድ ላይ ያልወጣው መንደር

በቨርጂኒያ ክፍለ ግዛት፣ በአርሊንግተን፣ በኮሎምቢያ ፓይክ የሚመላለስ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። እንጀራ የሚገዛበትን ሱቅ አሳምሮ ያውቃል፤ ከእሱ በፊት በዚያ አካባቢ ማን ይኖር እንደነበር የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለመጠየቅ ለሚሻ አሮጌ ፖስት ካርድና ፎቶግራፍ ጥሩ መነሻ ናቸው።

የአሜሪካ ፖስት ካርድ ዕድሜውን ራሱ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1898 በወጣ ሕግ የግል አታሚዎች ካርድ በአንድ ሳንቲም እንዲላክ ተፈቀደ። እስከ 1907 በጀርባው የሚጻፈው አድራሻ ብቻ ስለነበረ፣ ሰላምታው በሥዕሉ ዳር ተጨናንቆ ይታያል። ከ1907 ወዲህ ጀርባው ለመልእክትና ለአድራሻ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ነጭ ጠርዝ ያለው ካርድ በአብዛኛው ከ1915 እስከ 1930 ገደማ የታተመ ነው። እንደ ጨርቅ የሚሻክርና ቀለሙ የደመቀው ደግሞ የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ነው።

በአርሊንግተን ካርዶች ላይ አዘውትረው የሚታዩት የጄኔራል ሮበርት ሊ ባለ ዓምድ ቤት፣ የወታደሮች መቃብርና ፔንታጎን ናቸው። ሌላውን ታሪክ የያዘው ግን ለገበያ ያልተነሣው ፎቶግራፍ ነው። በዋሽንግተን በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ አንድ የጦርነቱ ዘመን ፎቶግራፍ፣ ጥቁሮች ከነልጆቻቸው ከእንጨት ቤቶች ፊት ለፊት መጽሐፍ ይዘው ሲያነቡ ያሳያል። ቦታው ፍሪድማንስ ቪሌጅ ይባል ነበር። መንግሥት ከባርነት ለወጡ ሰዎች በ1863 የመሠረተው መንደር ሲሆን፣ ያረፈውም በዚያው በሊ ቤተሰብ ርስት ላይ ነበር።

መንደሩ በ1900 ተዘጋ። ከነዋሪዎቹ አንዳንዶቹ በአቅራቢያው በክዊን ሲቲ መሬት ገዝተው ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሠሩ። በ1942 ግን መንግሥት ለፔንታጎን መንገዶች ሲል ክዊን ሲቲን አፈረሰ፤ 900 ያህል ሰዎችም ከቤታቸው ወጡ። እንግዲህ ፔንታጎንን ከአየር የሚያሳይ አሮጌ ካርድ እጅዎ ቢገባ፣ ከሕንፃው ይልቅ በዙሪያው የተጠላለፉትን መንገዶች ልብ ብለው ይመልከቱ። የሰው ጓዳና ደጅ ከዚያ ሥር ነው። በ2023 በአካባቢው የቆመው የጡብ ማማ፣ በውስጡ በተሰቀሉ 903 የእንባ ቅርጾች እነዚያን ሰዎች ያስታውሳል።

ለመሸጥ የታተመ ሥዕል የሚያሳየው ሻጩ የመረጠውን ነው። የጎረቤትን ደጅ፣ የሰንበት ልብስን፣ የእድርተኛውን ስብስብ የሚያቆየው የቤተሰብ አልበም ነው። ይህ ደግሞ ለእኛ የባዕድ ነገር አይደለም። በ2024 በአዲስ አበባ ፒያሳና ካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። የዚያ ሰፈር ልጆች ዛሬ በአርሊንግተንም፣ በፍራንክፈርትም፣ በሪያድም አሉ። የቀራቸው ምናልባት በሻንጣ ይዘው የወጡት ፎቶግራፍ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አልበምዎን ይክፈቱ። የሰዎቹን ስም፣ ሰፈሩንና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ በጀርባው ይጻፉ። አማርኛ ለማያነቡ ልጆችም በእንግሊዝኛ ይድገሙት። የሚያውቁት እናቶችና አባቶች በሕይወት ሳሉ ይጠየቁ። ስም ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም።