ሱናሚና የተመልካች ዓይን

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በጃፓን አገር ሱናሚ ቤትና መርከብ ጠርጎ ሲወስድ የሚያሳየውን ፊልም ያየ ሰው ዓይኑን መንቀል ይሳነዋል። በነፋስ የሚነሣ ማዕበል የሚያናውጠው የባሕሩን ገጽ ነው፤ ሱናሚ ግን በባሕር ወለል መናወጥ ምክንያት ውሃውን ከሥር እስከ ላይ ያንቀሳቅሳል። ኃይሉም ከዚህ የተነሣ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ የማየት ጉጉት በባሕር ዳር ለቆመ ሰው ሞትን ያመጣል። በ1960 በቺሊ ምድር በተናወጠች ጊዜ የተነሣው ማዕበል 15 ሰዓት ያህል ተጉዞ በሃዋይ ወደምትገኘው ሂሎ ከተማ ደረሰ። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ከሰዓታት በፊት ተሰምቶ ሳለ ብዙዎች አልሸሹም፤ ማዕበሉን ለማየት የወጡም ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሞገዶች አነስተኛ ነበሩ፤ ኋላ በመጣው ታላቅ ሞገድ ግን 61 ሰዎች አለቁ።

እንግዲህ ፊልሙን ስትመለከቱ፥ ያነሣው ሰው የቆመበትን ከፍታ ልብ በሉ፤ በደኅና ማየት የሚቻለው ከዚያ ላይ ነውና።