አሰሳና የዓለም ግንባታ በክፍት ዓለም የሚና ጨዋታዎች

አሰሳ እና የዓለም ግንባታ አርፒጂ እየተባሉ የሚጠሩት የክፍት ዓለም የሚና ጨዋታዎች ሁለት ዋና መለያዎች ናቸው። የዓለም ግንባታ የጨዋታው ሠሪዎች ድርሻ ነው፦ መልክዓ ምድሩ፣ ሕዝቡ፣ እምነቱ፣ የቦታው ስምና ታሪኩ። አሰሳ ደግሞ ተጫዋቹ ያንን ዓለም እየዞረ የሚያውቅበት መንገድ ነው። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አብረው ቢነሡም አንድ አይደሉም፤ ዓለሙ በጥንቃቄ ተሠርቶ ሳለ ተጫዋቹ ሳያየው የሚያልፍባቸው ጨዋታዎች ጥቂት አይደሉም።

ስምና መንገድ

ልዩነቱን በደቡብ አዲስ አበባ በሚገኘው በነፋስ ስልክ ማሳየት ይቻላል። ነፋስ ስልክ ያለ ሽቦ በአየር የሚተላለፍ መልእክትን የሚያመለክት የቆየ ስያሜ ነው። ከእሱ ጋር ለክፍለ ከተማው ስም የሆነው ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ዓይነት ዛፍ ነው። በአቅራቢያው ያለው ቄራ ደግሞ የከብት ማረጃ ማለት ነው። ስሞቹ የአካባቢውን የቀድሞ መልክና ሥራ ይዘው ቀርተዋል፤ ጥሩ የጨዋታ ደራሲም ለፈጠረው ቦታ ስም ሲያወጣ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

እንግዳ ሰው ሰፈሩን እንዴት ያገኘዋል የሚለው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በከተማዋ አድራሻ በአብዛኛው የሚነገረው በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው፦ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የባቡር ጣቢያውን አልፎ፣ ከድልድዩ በታች። ሰሚው እየጠየቀ ይሄዳል፤ ሲደርስም መንገዱን ብቻ ሳይሆን ሰፈሩን አውቆታል። የስልኩን ካርታ እየተከተለ የሄደ ሰው ቶሎ ይደርሳል፤ በምን በኩል እንዳለፈ ግን ላያስታውስ ይችላል።

ከቃል ወደ ቀስት

ይህ ልዩነት በግልጽ የሚታየው በአሜሪካው ቤቴስዳ ኩባንያ የዘ ኤልደር ስክሮልስ ተከታታይ ጨዋታዎች ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ዳገርፎል ከ15,000 በላይ ቦታዎች ነበሩት፤ አብዛኞቹ በኮምፒውተር ስሌት የተደረደሩ በመሆናቸው አንዱን መንደር ከሌላው መለየት ያስቸግራል። በ2002 የወጣው ሞሮዊንድ ተቃራኒውን መረጠ። ደሴቱ ከ30 ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ የነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከዚህ ይሰፋል። ነገር ግን ምድሩ በእጅ የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱ ሸለቆ የራሱ መልክ አለው።

ሞሮዊንድ ወዴት እንደሚኬድ የሚያሳይ ቀስት የለውም። ተጫዋቹ በመጀመሪያ አንድ ጥቅል ይሰጠውና ባልሞራ በምትባል ከተማ ለሚኖር ሰው እንዲያደርስ ይታዘዛል። የሰውየውን ቤት ለማግኘት መጠጥ ቤት ገብቶ መጠየቅ አለበት። ሌሎቹም ተልእኮዎች እንዲሁ ናቸው፦ ወንዙን ተከትለህ ውጣ፣ ከድንጋዩ ዘንድ ወደ ምሥራቅ ታጠፍ። አንዳንዱ ገለጻ የተሳሳተ ነው፤ ተጫዋቾች በዚህ ሲማረሩ ኖረዋል። ቢሆንም መንገዱን ለማግኘት ዓለሙን ማንበብ ግዴታ ነበር።

በ2006 በወጣው ኦብሊቪየን ቀስት ያለበት ኮምፓስ መጣ። በዚያው ጨዋታ የገጸ ባሕርያቱ ንግግር ሁሉ በድምፅ ተቀርጾ ነበር፤ ረጅም የመንገድ ገለጻ ደግሞ ተዋናይና ገንዘብ ይጠይቃል። በ2011 የወጣው ስካይሪምም ቀስቱን ይዞ ቀጠለ። ስካይሪም ውስጥ የሚነበቡ መጻሕፍት በመቶ ይቆጠራሉ፤ ዓለሙ ከቀድሞው የደኸየ አይደለም። ለውጡ ተልእኮውን ለመፈጸም ያን ሁሉ ማወቅ አስፈላጊ አለመሆኑ ላይ ነው።

ዓይን የሚመራው አሰሳ

የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት ሬድ በ2015 ያወጣው ዘ ዊቸር 3 በአንድሬይ ሳፕኮቭስኪ መጻሕፍት ላይ የተመሠረተ ነው። ቬለን የተባለው ጦርነት የፈጀው አገሩ ከዛፍ በተሰቀሉ ሬሳዎችና ባዶ በቀሩ መንደሮች ታሪኩን ያለ ቃል ይናገራል። ካርታው ግን በጥያቄ ምልክት የተሞላ ነው። በተለይ በስኬሊገ ባሕር ላይ ከአንዱ ምልክት ወደ ሌላው በጀልባ መመላለስ ከአሰሳ ይልቅ የዕቃ ቆጠራ ይመስላል።

የኒንቴንዶ ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ (2017) ካርታውን ባዶ አድርጎ ይጀምራል። ተጫዋቹ ከፍታ ላይ ወጥቶ ያየውን ቦታ ራሱ ምልክት ያደርግበታል። የጨዋታው ዳይሬክተር ሂዴማሮ ፉጂባያሺ ርቀቱን ለመመጠን የሚያውቃትን የኪዮቶን ካርታ ከጨዋታው ምድር ጋር አስተያይቷል። ኮረብቶቹም ሆን ተብለው ግማሹን እይታ እንዲከልሉ ተደርገዋል፤ ከጀርባቸው ያለው ነገር ተጫዋቹን ይጠራዋል። በዚህ ጨዋታ አሰሳው የበረታውን ያህል ታሪኩና ሕዝቡ ሳስተዋል።

በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ ሁለቱን ለማቀራረብ ሞክሯል። የዓለሙን የጥንት ታሪክ የጻፈው አሜሪካዊው ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። ያ ታሪክ ግን በቀጥታ አይተረክም፤ በሰይፍ፣ በቀለበትና በልብስ ማብራሪያዎች ውስጥ ተበታትኗል። ከሩቅ የሚታየው ግዙፍ ወርቃማ ዛፍ ደግሞ አቅጣጫ ያስይዛል።

ቋንቋና የኢትዮጵያ ተጫዋች

ከላይ ከተጠቀሱት ጨዋታዎች አንዳቸውም በአማርኛ አልተዘጋጁም። ስለዚህ እንግሊዝኛው ለማይቀልለው ተጫዋች የዓለሙ አንድ ክፍል ዝግ ነው። ለእሱ ሞሮዊንድ ከሁሉም ይከብዳል፤ መንገዱ ራሱ በጽሑፍ ነውና። ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ ግን ብዙ ሳይነበብ ይዳሰሳል። ቀስቱም በዚህ በኩል ሲታይ ስንፍናን ብቻ የሚያስተምር አይደለም፤ ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው በር ይከፍታል።

ያልገባውን በግምት መሙላትም የራሱ ደስታ አለው። የኤልደን ሪንግ ፈጣሪ ሂዴታካ ሚያዛኪ በልጅነቱ ከንባብ ችሎታው በላይ የሆኑ መጻሕፍትን እያነበበ ያልገባውን በራሱ ምናብ ይሞላ እንደነበር ተናግሯል። የጨዋታዎቹ የተቆራረጠ አተራረክም ከዚያ የመጣ ነው።

ሌላው እንቅፋት ጊዜ ነው። በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ስለሆነ ቶሎ የሚያልቀው እግር ኳስ ይመረጣል፤ ከመቶ ሰዓት በላይ ሊወስድ የሚችለው አርፒጂ ለዚህ አይመችም። በአገር ውስጥ የተሠሩት፣ ለምሳሌ የቅኔ ጌምስ ኩኩሉ፣ ለእጅ ስልክ የታሰቡ አጫጭር ጨዋታዎች ናቸው። የቦታ ስሙ፣ ተረቱና በምልክት መንገድ የማመላከት ልማዱ በክፍት ዓለም ጨዋታ ውስጥ ቢገባ ተጫዋቹ ቀስት ሳያስፈልገው "ላፍቶ ወዴት ነው?" ብሎ በአማርኛ ጠይቆ መሄድ ይችላል።