ኬንታኪ 31 (የግጦሽ ሣር)

ኬንታኪ 31 ቶል ፌስኪው የተባለው ሣር አንድ ዝርያ ሲሆን በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የግጦሽ መሬቶች ላይ በስፋት ይገኛል። በመንዝ የሚታወቀው የጓሳ ሣር ዘመዱ ነው። በስሙ ያለው ቁጥር የተገኘበትን ዓመት ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1931 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኢ. ኤን. ፈርገስ በሜኒፊ ካውንቲ፣ በዊሊያም ሱተር ተዳፋት እርሻ ላይ፣ በብርዱ ወራት እንኳ አረንጓዴ የሆነ ሣር አይተው ዘሩን ወሰዱ። ዝርያው በ1943 ለገበሬዎች ተሰራጨ። ድርቅንም የከብት ኮቴንም ስለሚችል ቶሎ ተስፋፋ።

ሆኖም ሣሩ በለመለመበት መስክ ከብቶች ይከሱ ነበር። በሙቀት ወራት ጠጉራቸው ሳይረግፍ ይቀራል፤ ከመጋጥ ይልቅ ጥላና ውኃ ውስጥ መቆም ይመርጣሉ። በብርድ ጊዜ ደግሞ የእግራቸው፣ የጆሯቸውና የጅራታቸው ጫፍ ደም አጥቶ ይሞታል። ባዝራዎች የመውለጃ ጊዜያቸው ያልፋል፣ ወተታቸው ይነጥፋል፣ ውርንጭላውም ብዙ ጊዜ ይሞታል። ምክንያቱ በ1970ዎቹ ታወቀ፦ በሣሩ ሕዋሳት መካከል የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ፈንገስ የደም ሥርን የሚያጠብ መርዝ ያመነጫል። ፈንገሱ ከሣር ወደ ሣር አይጋባም፤ የሚተላለፈው በዘር ብቻ ነው። ስለዚህ ዘሩን የገዛ ፈንገሱንም አብሮ ገዝቷል።

መፍትሔው ቀላል መስሎ ነበር። ፈንገስ የሌለበት ዘር ተዘጋጀ፤ ከብቶቹ ወፈሩ፣ ሣሩ ግን በድርቅና በግጦሽ ብዛት ጠፋ። የኬንታኪ 31 ጥንካሬ ለካ በአብዛኛው ከፈንገሱ የመጣ ነበር። ከ2000 ገደማ ጀምሮ ግን ሣሩን የሚጠብቅ፣ ከብቱን የሚመርዘውን ንጥረ ነገር ግን የማያመነጭ ሌላ የፈንገስ ዓይነት ያለባቸው ዝርያዎች ገበያ ላይ ውለዋል። ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው፤ ለእርጉዝ ባዝራ መስክ ግን ኬንታኪ 31ን በርካሽነቱ መምረጥ አያዋጣም።

በአሜሪካ ጸደይ፣ ማለትም ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ መዝራት ይቻላል፤ ነገር ግን ቡቃያው ሥር ሳይሰድ አረምና ሙቀት ስለሚደርስበት ብዙዎች ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ያለውን ጊዜ ይመርጣሉ። ዘሩ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ ሳይጠልቅ ይዘራል። በሙቅ መጋዘን አንድ ዓመት ያህል የቆየ ዘር ቢበቅልም በውስጡ ያለው ፈንገስ ሊሞት ስለሚችል ትኩስ ዘር ያስፈልጋል። አሮጌው ሣርም አስቀድሞ ዘር እንዳያፈራ ካልታጨደና ሙሉ በሙሉ ካልጠፋ፣ መርዛማው ዘር ከአዲሱ ጋር አብሮ ይበቅላል። መስኩን መቀየር ያልቻለ ገበሬ ማገጥ ቀላቅሎ በመዝራት ከብቱ የሚበላውን መርዝ ይቀንሳል።