የዋስ ወረቀት ቀጣሪን ያድናል?

ለገንዘብ ያዥ፣ ለሾፌር፣ ለንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ አሁን አሁንማ ለአስተናጋጅም ሳይቀር የሚወጣው ማስታወቂያ መጨረሻው አንድ ነው፦ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል»። ሥራ ፈላጊው ደመወዝተኛ ዘመድ ፍለጋ ደጅ ይጠናል። ቀጣሪው ደግሞ ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ከማኅደር ካስገባ በኋላ ልቡ ያርፋል።

ደብዳቤውን ገልጠን እንየው። ብዙ ጊዜ «ተቀጣሪው ለሚያደርሰው ማናቸውም ጉዳት ኃላፊ ነኝ» ይላል፤ ከታች ስም፣ የደመወዝ መጠን፣ ፊርማ። ዋሱ እስከ ስንት ብር እንደሚጠየቅ ግን የትም የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 1922 የዋስትናው ከፍተኛ መጠን በውሉ ካልተወሰነ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ይህ የሚታወቀው ካዝናው ጎድሎ፣ ሠራተኛው ጠፍቶ፣ ዋሱ ጠበቃ ይዞ ችሎት የቀረበ ዕለት ነው።

ለዋስ እንዲህ የሚጨነቀው ድርጅት ክስ የሚጠራበትን ጥያቄ ግን እንደ ዋዛ ይጠይቃል። የትውልድ አካባቢ፣ ሃይማኖት፣ «በቅርቡ ለመውለድ አስበሻል ወይ?» የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤች አይ ቪ ኤድስና በአካል ጉዳት ምክንያት ማበላለጥን ከልክሏል። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 ጠበቅ ይላል፤ አድልዎ ደርሶብኛል ብሎ የሚከስ አመልካች የማስረዳት ሸክም የለበትም። ታዲያ አንዱን ትቶ ሌላውን ለምን እንደመረጠ በጽሑፍ ያልያዘ መሥሪያ ቤት ምን ብሎ ሊከራከር ነው? የቃለ መጠይቁ ውጤት የተሞላበት አንድ ገጽ ከአሥር ዋስ ይበልጣል፤ ግን ስንቱ ያስቀምጠዋል?

ችሎታን ለመለካት ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ራሱ የሙከራ ጊዜ ሰጥቷል። ቀድሞ 45 ቀን የነበረው አሁን እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው፤ በዚያ ውስጥ ለሥራው ብቁ ያልሆነን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል። ስምምነቱ ግን በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በቃል «እስቲ እንየው» ማለት ሙከራ አይደለም።

ያልተቀጠሩት ሰዎች የመታወቂያ ኮፒና የጤና ምርመራ ውጤት በየመሳቢያው መከማቸቱም ከግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወዲህ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ቀጣሪዎች ሆይ፣ የሚቀጥለውን ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት የዋስትና ቅጻችሁን ለሕግ ባለሙያ አሳዩት። የብር መጠን ከሌለበት ዛሬውኑ ቀይሩት።