«ስንት ኤ አመጣህ?» ለምትሉ

የዩኒቨርሲቲ ውጤት አሰጣጥ እወዳለሁ ስል ተማሪዎቼ ይስቁብኛል። ፈተና ማረም ማለቴ አይደለም፤ እሱን የሚወድ መምህር እስካሁን አላጋጠመኝም። የምወደው ከእርማቱ በኋላ የሚመጣውን ሒሳብ ነው። አንድ ከዋጉ ዝቋላ የመጣ ልጅ በአራት ዓመት የተማራቸውን አርባ ምናምን ኮርሶች ወስዶ፣ እያንዳንዱን እንደ ክብደቱ አይቶ፣ አንዲት ቁጥር አድርጎ ያወጣዋል። ቁጥሯን ሁሉም ያውቃታል፤ እንዴት እንደተሠራች የሚያውቅ ግን ከተመራቂዎች መካከል እንኳ ስንት እንደሆነ ጠይቃችሁ እዩ።

የሚታወቀውን በቶሎ ልለፈው። ኩዊዙ፣ አሳይመንቱ፣ ሚዱና ፋይናሉ ተደምረው መቶ ይሞላሉ፤ ፋይናሉ ብዙ ጊዜ ግማሹን ወይም ለግማሽ የቀረበውን ይይዛል። ድምሩ ወደ ፊደል፣ ፊደሉ ወደ ነጥብ ይለወጣል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን በሰፊው በሚሠሩበት መለኪያ 85ና ከዚያ በላይ ኤ ሲሆን 4 ነጥብ ይይዛል፤ 90 የደረሰው ኤ ፕላስ ይባላል። ከ80 ጀምሮ ኤ ማይነስ 3.75፣ ከ75 ቢ ፕላስ 3.5፣ ከ70 ቢ 3፣ ከ65 ቢ ማይነስ 2.75፣ ከ60 ሲ ፕላስ 2.5፣ ከ50 ሲ 2፣ ከ45 ሲ ማይነስ 1.75፣ ከ40 ዲ 1። ከዚያ በታች ዜሮ ነው። ሆኖም 30ና ከዚያ በላይ ያለው «ኤፍ ኤክስ» ተብሎ ድጋሚ ፈተና የመቀመጥ ዕድል አለው፤ ከ30 በታች ወርዶ ኤፍ የበላ ኮርሱን እንደገና ይማራል።

ይህን ሰንጠረዥ ዶርም ግድግዳ ላይ ለጥፎ የማያነበው ተማሪ ብዙ ነው። ቢያነበው ኖሮ ደረጃዎቹ እኩል እንዳልሆኑ ያይ ነበር። ኤ ፕላስም ኤም 4 ናቸው። ሲ ከ50 እስከ 60 አሥር ማርክ ሙሉ ተዘርግቶ ተኝቷል፤ 51 ያመጣውና 59 ያመጣው አንድ ነጥብ ይዘው ይወጣሉ። ከ80 ወደ 79 የወረደ ሩብ ነጥብ ይቀነስበታል። ከ45 ወደ 44 የወረደ ግን ከ1.75 ወደ 1 ስለሚወድቅ በአንዲት ማርክ ሦስት ሩብ ያጣል። ከሚያልፉት ፊደሎች መካከል ከዚህ የባሰ ገደል የለም፤ ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ግን ከላይኛው ጫፍ ነው።

አሁን ወደ ክሬዲት አወር ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም ለእሱ ስል ነው። እያንዳንዱ ኮርስ ክብደት አለው። ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ያህል፣ ባለ 3ቱ ሦስት ክፍለ ጊዜ ያህል ይማሩታል ማለት ነው። የፊደሉ ነጥብ በክሬዲቱ ይባዛል፤ ብዜቶቹ ተደምረው ለክሬዲቱ ድምር ይካፈላሉ። ሒሳቡ ይኸው ብቻ ነው። አራተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ይሠራዋል።

አንድ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪን እንውሰድና አምስት ኮርሶቹን ብቻ እንይ። አንትሮፖሎጂ 2 ክሬዲት፣ ኤ፤ 8 ነጥብ። ሞራልና ሲቪክስ 2 ክሬዲት፣ ኤ ማይነስ፤ 7.5። ታሪክ 3 ክሬዲት፣ ሲ፤ 6። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ 3 ክሬዲት፣ ሲ ማይነስ፤ 5.25። እንግሊዝኛ 3 ክሬዲት፣ ቢ ማይነስ፤ 8.25። ነጥቡ 35፣ ክሬዲቱ 13፤ ሲካፈል 2.69 ይመጣል። ልጁ ግን ዶርሙ ውስጥ ተቀምጦ አምስቱን ነጥብ ደምሮ ለአምስት አካፍሎ 2.85 አግኝቷል። ፖርታሉ ተከፍቶ 2.69 ሲያይ በቀጥታ ወደ ሬጅስትራር ይሮጣል፤ «ግሬዴ ተበላ!» የሬጅስትራር ሠራተኞች በየሴሚስተሩ የሚሰሙት ይህንኑ ነው። ማንም ምንም አልበላም። ጥሩ ያመጣባቸው ቀላሎቹ፣ ደከም ያለባቸው ከባዶቹ ሆኑ እንጂ።

ይህ ስሕተት ከየት መጣ? የልጁ ብቻ አይደለም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስለመድነው እኛ ነን። በትምህርት ቤት ካርድ ላይ ሒሳብም ስፖርትም ከመቶ ነው። ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፤ አለቀ። በሳምንት አምስት ቀን የሚሰጠው ሒሳብና አንዴ ወይም ሁለቴ የሚሰጠው ስፖርት እኩል ይመዝናሉ። ከዚያ ብሔራዊ ፈተናው አለ። የታላላቆቻችን ማትሪክ በአምስት ትምህርት የሚሰላ ነበርና ነጥቡ በ0.2 እየዘለለ 2.8፣ 3፣ 3.2፣ 3.4 ይባል ነበር፤ 3.3 ያመጣ የለም፣ ሊኖርም አይችልም ነበር። ኋላ የመጣው የአሥረኛ ክፍል ፈተና ደግሞ ለሰባት ይካፈል ስለነበር 2.71፣ 2.86፣ 3.14 የሚሉ ቁጥሮች በየቤቱ ገቡ። በሁለቱም ዘንድ ትምህርቱ ሁሉ እኩል ይመዝን ነበር። ስለዚህ አባትም፣ አጎትም፣ ልጅም «ኤ» መቁጠርን ከዚያው ተማሩ።

አንድ ክረምት ሰቆጣ ገበያ አጠገብ ማር የሚሸጡ አባት ልጃቸውን እንደማስተምር ሰምተው አስቆሙኝ። «መምህር፣ ልጂቱ ስንት ኤ አመጣች?»

«አባቴ፣ በየትኛው ኮርስ ብለው ይጠይቁኝ እንጂ» አልኳቸው።

«ኤ ኤ አይደል? ምን ልዩነት አለው?»

«ሁለት ኪሎ ነጭ ማር በውድ፣ አሥር ኪሎ ቀይ ማር በርካሽ ሸጡ እንበል። አንዱ ኪሎ በአማካይ በስንት እንደወጣልዎ ለማወቅ ሁለቱን ዋጋ ደምረው ለሁለት ያካፍላሉ?»

«ኧረ ምን በወጣኝ! ኪሎው የት ሄዶ?»

ኪሎው ክሬዲት አወሩ ነው። እሳቸው ወዲያው ገባቸው። ልጃቸውን ለማስረዳት ግን አንድ ሴሚስተር ፈጅቶብኛል።

እዚህ ላይ ነገሩን የሚያወሳስብ ሌላ መለኪያ አለ፤ ኢሲቲኤስ የሚባለው የአውሮፓ ክሬዲት። ሞጁላር ሥርዓተ ትምህርት የመጣ ሰሞን ዩኒቨርሲቲዎቻችን በእሱ መቁጠር ጀመሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ 3 ክሬዲት አወር 5 ኢሲቲኤስ ተብሎ ይመነዘር ነበር። ሁለቱን በአንድ ስሌት ውስጥ ካልቀላቀሉ በስተቀር በየትኛውም ቢያባዙ አማካዩ ያው ነው፤ ላይም ታችም አብሮ ያድጋልና። የተወሰነውን ኮርስ በአንዱ፣ የቀረውን በሌላው አባዝተው የሚመጡ ተማሪዎች ግን አይቻለሁ፣ ልብ ይስጣቸው። ደግሞም ስፖርት ወይም በሥርዓተ ትምህርቱ ስሙ ፊዚካል ፊትነስ «አለፈ፣ ወደቀ» ብቻ ስለሚባል ስሌቱ ውስጥ አይገባም። በእሱ ነጥቡን ከፍ ሊያደርግ ያሰበ ሯጭ ካለ ጉልበቱን ለእንግሊዝኛ ይቆጥብ።

ስለ እንግሊዝኛ ካነሣሁ አንድ ነገር ልበል። የዋግ ልጅ ቤቱ ኽምጣና ሊናገር ይችላል፣ ገበያና መሥሪያ ቤት በአማርኛ ያወራል፣ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ይፈተናል። ትራንስክሪፕቱ ላይ እንግሊዝኛ ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ሆኖ ተጽፏል፤ በተግባር ግን የሴሚስተሩ ክሬዲት በሙሉ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ሒሳቡ ይህን አይቶ የሚያስተካክልበት መንገድ የለውም።

ሁለተኛው የምወደው ነገር የተጠራቀመው ነጥብ ትዝታ ነው። ሲጂፒኤ የትናንቱን አይረሳም። በአራት ዓመት 140 ክሬዲት የሚወስድ፣ በየዓመቱም 35 የሚወስድ ተማሪ እናስብ። ለመመረቅ ቢያንስ 2 ያስፈልገዋል፤ በማዕረግ ለመመረቅ 3.25፣ በታላቅ ማዕረግ 3.5፣ በእጅግ ታላቅ ማዕረግ 3.75። አንደኛ ዓመትን በ2.2 ከጨረሰ 77 ነጥብ ይዟል። 3.25 ለመድረስ በጠቅላላው 455 ያሻዋል፤ የቀረውን 378 ለ105 ክሬዲት ሲያካፍል በየዓመቱ 3.6 ማምጣት አለበት። ከባድ ነው፣ ግን ይሆናል፤ ያደረጉትን አውቃለሁ። ያው ተማሪ ሦስት ዓመት ሙሉ በ2.2 ቆይቶ በአራተኛው ቢነቃ ግን የቀረው 35 ክሬዲት ብቻ ነው፤ በእያንዳንዱ 6.4 ማምጣት ይኖርበታል። ጣሪያው 4 ነው። «መመረቂያዬ ላይ አነሣዋለሁ» የሚል ሁሉ እስክሪብቶ አንሥቶ ይህን ማካፈል አንዴ ይሥራ።

ከአብነት ትምህርት ቤት ለመጣ ሰው ይህ ሁሉ ማጠራቀም እንግዳ ነው። የንባብ ቤት ተማሪ ዳዊት ደግሟል ወይም አልደገመም። መቶ ሃምሳውን መዝሙር ካልጨረሰ 80ውን አንብቧልና ቢ ይሰጠው አይባልም፤ መምህሩ ጆሯቸውን ሰጥተው ይሰማሉ፣ ካልሆነ ይመለሳል። ዕድሜውም ጊዜውም አይጠየቅም፣ ሙሉ ማወቁ ብቻ እንጂ። ዩኒቨርሲቲ ጊዜውን ቆርጦ ዕውቀቱን በፊደል ይለካል፤ ንባብ ቤት ዕውቀቱን ቆርጦ ጊዜውን ልቅ ይተዋል። እኔ ሁለተኛውን ባከብርም በሺህ የሚቆጠር ተማሪ በእሱ ማስተናገድ እንደማይቻል አውቃለሁ።

ፊደሎቹ ራሳቸው የመጡት ከአሜሪካ ነው። የዋጉ ገዥ ዋግሹም ጓንጉል ከአድዋ ጦርነት በተመለሱ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1897፣ በማሳቹሴትስ የሚገኘው ማውንት ሆልዮክ የሴቶች ኮሌጅ ውጤትን በፊደል መስጠት ጀመረ። እዚያ ኤ ለማግኘት 95 ይጠየቅ ነበር፤ ዲ ደግሞ 75 ብቻ ነበረች፣ ከዚያ በታች የወረደችው ኢ አግኝታ ትወድቃለች። በቀጣዩ ዓመት ሰንጠረዡ ሲስተካከል የውድቀት ምልክትነቱ ወደ ኤፍ ዞረ። በጊዜ ሂደት ኢ ራሷ ከመካከል ጠፋች፤ የኛ ተማሪዎችም ከዲ ዘልለው ኤፍ ላይ የሚወድቁት ለዚሁ ነው። ወደ እኛ ሥርዓቱ የዘለቀው በሰሜን አሜሪካ መምህራን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን ነበሩ፤ የዓለማያን ኮሌጅ የረዳው ደግሞ የኦክላሆማው ግብርና ኮሌጅ ነበር። ለረጅም ጊዜ ፕላስና ማይነስ የማያውቁ አምስት ደረጃዎች ነበሩ፤ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 0። የድሮ ምሩቅን 3 ነጥብና የዛሬ ምሩቅን 3 ነጥብ ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያወዳድር ቀጣሪ ካለ ይህን ያስብበት።

ሌላው የቀድሞ ልማድ ከርቭ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ካሉት ጋር እየተያዩ ፊደል መቀበል። ጎበዞች የተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ 75 ሲ ሊሆን፣ ደካማ ክፍል ውስጥ 60 ኤ ሊሆን ይችላል። አሁን በቋሚ መለኪያ ስለሚሠራ ጓደኛህ ቢቸክልም ባይቸክልም ያንተን ፊደል አይነካም። በቋሚ መለኪያ መሥራት ከተጀመረ ወዲህ ማስታወሻ መደባበቅ ምክንያት አልነበረውም፤ ልማዱ ግን ከደንቡ በላይ ዕድሜ አለው።

በ2015 ዓ.ም. በስፋት የተጀመረው የመውጫ ፈተና ከዚህ ስሌት ውጭ ነው። ሲጂፒኤው ውስጥ አይደመርም፤ 50 ከመቶ ካልመጣ ግን ዲግሪው አይሰጥም። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት ከመቶ 40 ገደማ ብቻ ሲያልፉ ብዙ 3 ነጥቦች ተደናግጠዋል። አንዳንዱ ክፍል ፊደሉን እንዴት ሲሰጥ እንደኖረ ያኔ ታየ፤ በግሬድ ልግስና የታወቁ ባልደረቦቼም ለጥቂት ወራት ድምፃቸው ቀነሰ።

የቀረው ቅሬታ ነው። ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ወረቀቴ ይታይልኝ ማለት መብት ነው፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። ወደ ዋጉ ጽጽቃ ወርዶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ፣ ፖርታሉ በሦስተኛው ሳምንት ሲከፈትለት የሚመለስ ልጅ ቀኑ አልፎበት ያገኘዋል። ቅሬታ ከማቅረብ በፊት ደግሞ ሒሳቡን ሥሩ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ላይ 44 ያለው ልጅ አንድ ማርክ ተረስታበት ቢያገኝ 2.25 ነጥብ ይጨመርለታል። ባለ 2 ክሬዲት ኮርስ ላይ 89 ያለው አንድ ማርክ ቢያገኝ ዜሮ። ባለፈው ዓመት ቢሮዬ ደጅ ተሰልፈው ያገኘኋቸው አብዛኞቹ 89 ያመጡ ነበሩ።