ሚሊዮኖች የሚከፈላት ተዋናይ «ክፍያዬ አነሰ» ስትል

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ስመ ጥር ተዋናዮች፣ ጋዜጠኞችና ስፖርተኞች «ለአንድ ዓይነት ሥራ ከወንድ ባልደረቦቻችን ያነሰ ይከፈለናል» እያሉ በአደባባይ ሲናገሩ ሰምታችሁ ይሆናል። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ መጀመሪያ የምንለው «በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር የምታገኝ ሴት ደግሞ ምን ጎደለባት?» ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ጉዳዩን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ነገሩ የባለጠጎች የገንዘብ ክርክር ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። በዚህ ጽሑፍ ምን እንደ ተባለ፣ ለምን እንደ ተባለና ምን ለውጥ እንዳመጣ በቅደም ተከተል እንመልከት። (ልዩ ምልክት ከተደረገበት በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የደመወዝ ልዩነት ሲባል ምን ማለት ነው?

በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ሴትና ወንድ አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ ሴቷ ያነሰ ሲከፈላት ነው። ይህ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1963 በፈረሙት ሕግ የተከለከለ ነው። በአገራችንም በ1987 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል።

ሁለተኛው፣ የሴቶች ሁሉ ገቢ ከወንዶች ሁሉ ገቢ ጋር በጅምላ ሲነጻጸር የሚታየው ልዩነት ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ በ2023 ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ሰዓት የሠራች ሴት፣ ወንድ አንድ ዶላር ሲያገኝ እርስዋ ወደ 83 ሳንቲም ገደማ ታገኝ ነበር። ይህ ማለት ግን እያንዳንዷ ሴት አጠገቧ ከተቀመጠው ወንድ 17 ሳንቲም ያነሰ ይከፈላታል ማለት አይደለም። በልዩነቱ ውስጥ የሥራው ዓይነት፣ የሥራው ሰዓት ብዛት፣ ልጅ ለማሳደግ ከሥራ መራቅና የሹመት ዕድል ሁሉ አሉበት። እነዚህ ሁሉ ተቆጥረው ሲያበቁም በእነርሱ የማይገለጥ ልዩነት ይቀራል።

እነዚህን ሁለት ነገሮች የሚያደባልቅ ሰው ክርክሩን መቋጫ ያሳጣዋል። ዝነኞቹ ሴቶች በአብዛኛው የተናገሩት ስለ መጀመሪያው ነው። በአንድ ፊልም፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ወይም በአንድ የስፖርት ዓይነት አብሮአቸው የሚሠራ ወንድ ስላለ ለማነጻጸር ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ምስጢሩ እንዴት ወጣ?

በ2014 መጨረሻ ላይ ሰርጎ ገቦች የሶኒ ፊልም ኩባንያን ኮምፒውተሮች ሰብረው የውስጥ ደብዳቤዎችን ዘረገፉ። ከነዚያ ውስጥ «አሜሪካን ሃስል» ስለተባለው የ2013 ፊልም የሚናገር ይገኝበታል። ወንዶቹ መሪ ተዋናዮች ከትርፉ 9 በመቶ ሲደርሳቸው ለኤሚ አዳምስና ለጄኒፈር ላውረንስ የተመደበው 7 በመቶ ነበር። ኤሚ አዳምስ ከፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርያት አንዷን የተጫወተች ስትሆን፣ ላውረንስም ቀደም ሲል ኦስካር የተሸለመች ናት።

ላውረንስ በጥቅምት 2015 ስለዚሁ ጉዳይ ጻፈች። የሚገርመው በኩባንያው ላይ ከመቆጣት ይልቅ ራስዋን መውቀስዋ ነው። በክርክሩ ቶሎ እጅዋን የሰጠችው አስቸጋሪ ወይም የተበላሸች ልጅ መስላ እንዳትታይ ፈርታ እንደ ነበር ተናገረች። እኛ ይህን ነገር በአንድ ቃል እንጠራዋለን፤ ይሉኝታ ነው። ለካስ ይሉኝታ ሆሊዉድም አለ!

በ2017 መጨረሻ ደግሞ «ኦል ዘ መኒ ኢን ዘ ወርልድ» የተባለው ፊልም አንድ ተዋናይ ተቀይሮ ከፊሉ በድጋሚ መቀረጽ ነበረበት። ለዚህ ድጋሚ ሥራ ማርክ ዋልበርግ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሲከፈለው ሚሼል ዊሊያምስ የተሰጣት የቀን አበል ብቻ ሲሆን፣ ድምሩ 1,000 ዶላር አይሞላም። የሁለቱም ወኪል አንድ ድርጅት ነበር። ነገሩ በጥር 2018 በጋዜጣ ሲወጣ ዋልበርግ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ በስራ ቦታ በደል ለሚደርስባቸው ሰዎች የሕግ ድጋፍ ለሚሰጥ ፈንድ በዊሊያምስ ስም ለገሰ።

በአማርኛ አገልግሎቱ የምናውቀው ቢቢሲም ከዚህ አላመለጠም። በሐምሌ 2017 ከ150,000 ፓውንድ በላይ የሚከፈላቸውን ሰዎች ዝርዝር ሲያወጣ የቻይና ዘጋቢ አርታኢዋ ኬሪ ግሬሲ በእርስዋ ደረጃ ያሉ ሁለት ወንዶች ቢያንስ በግማሽ እንደሚበልጧት አወቀች። በጥር 2018 በግልጽ ደብዳቤ ከቦታው ለቀቀች። ጭማሪ ቢቀርብላትም የምጠይቀው እኩልነት ነው ብላ አልተቀበለችም ነበር። በሰኔ ወር ቢቢሲ ይቅርታ ጠይቆ ውዝፉን ሲከፍላት ገንዘቡን ሁሉ ለሴቶች መብት ለሚሠራ ድርጅት ሰጠች። ሌላዋ የቢቢሲ ጋዜጠኛ ሳሚራ አህመድ ለአንድ ፕሮግራም 440 ፓውንድ ሲከፈላት፣ ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚያቀርበው ወንድ 3,000 ፓውንድ ይከፈለው ነበር። በጥር 2020 የሠራተኞች ጉዳይ ችሎት ፈረደላት።

ልብ በሉ፤ ከነዚህ ሴቶች ለአንዷም እንኳ አሠሪዋ ጠርቶ «ከእገሌ ያነሰ ነው የምንከፍልሽ» አላላትም። አንዱ በስርቆት፣ አንዱ በጋዜጣ፣ አንዱ በታተመ ዝርዝር ነው የታወቀው። እንዲህ ያለው ልዩነት ዕድሜውን የሚያረዝመው ምስጢር ነው።

ታዲያ ስለ ባለጠጎች ለምን እንጨነቃለን?

ለዚህ መልስ የምትሆነን ዝነኛ ያልነበረች ሴት ናት። ሊሊ ሌድቤተር በአሜሪካ አላባማ ግዛት በአንድ የጎማ ፋብሪካ ወደ 19 ዓመት ያህል ሠራች። ሥራዋን ልትጨርስ ስትቃረብ ስሙን ያልገለጸ ሰው አንድ ብጣሽ ወረቀት ተወላት። በወረቀቱ ላይ የእርስዋና በተመሳሳይ ኃላፊነት ላይ ያሉ የሦስት ወንዶች ደመወዝ ተጽፎ ነበር፤ ሦስቱም ይበልጧታል። ከሰሰች። በ2007 ግን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ አቤቱታዋን ውሳኔው በተሰጠ በ180 ቀን ውስጥ ማቅረብ ነበረባት ብሎ ፈረደባት። ሰው ያላወቀውን በደል እንዴት በ180 ቀን ውስጥ ይከሳል? ሕጉ በ2009 በስምዋ ተሻሻለ፤ እርስዋ ግን እስከ ሞተችበት እስከ 2024 ድረስ የጎደለባትን ገንዘብ አላገኘችም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ዝነኛዋ ብትናገር ጥቂት ሰዎች ያሟታል፤ የፋብሪካ ሠራተኛዋ ብትናገር እንጀራዋን ልታጣ ትችላለች። ስለዚህ መናገር የምትችለው ስትናገር መናገር ለማትችለው በር ትከፍታለች። ተዋናይት ኦክታቪያ ስፔንሰር በጥር 2018 እንደ ተናገረችው፣ ጄሲካ ቻስቴይን ስለ ጥቁር ሴቶች ክፍያ ከእርስዋ ሰምታ ውላቸውን አንድ ላይ አሰረችው፤ ሁለቱም የጠየቁትን አምስት እጥፍ አገኙ።

ንግግር ብቻውን ምን ይለውጣል?

በ1972 ቢሊ ጂን ኪንግ የአሜሪካን የሜዳ ቴኒስ ውድድር አሸንፋ 10,000 ዶላር ስትሸለም የወንዶቹ አሸናፊ 25,000 ተሸለመ። ካልተስተካከለ ተመልሳ እንደማትጫወት ተናገረች፤ በሚቀጥለው ዓመት ሽልማቱ እኩል ሆነ። ዊምብልደን ግን ቬነስ ዊሊያምስ በ2006 በጋዜጣ ከጻፈች በኋላ፣ በ2007 ነው እኩል የከፈለው። የቦስተን ማራቶን በ1986 የገንዘብ ሽልማት ሲጀምር ለሁለቱም እኩል አድርጎ ስለ ነበር፣ የእኛዋ ፋጡማ ሮባ ከ1997 እስከ 1999 በተከታታይ ስታሸንፍ ከወንዱ አሸናፊ ያነሰ አልተሸለመችም።

ሁሉም ግን በቀላሉ አልተገኘም። የአሜሪካ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን አባላት በ2019 ፌዴሬሽናቸውን ሲከሱ ዳኛው በ2020 የክፍያውን ክስ ውድቅ አደረገ። የሴቶቹ ውል ከወንዶቹ የተለየ ነው፣ በድምሩም ያነሰ አላገኙም የሚል ነበር ምክንያቱ። እነርሱ ግን አልተዉትም፤ በ2022 በ24 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረገ፣ ከዚያም እኩል ክፍያ በውል ተጻፈ። እንግዲህ ንግግር ፍሬ የሚያፈራው ወደ ውልና ወደ ሕግ ሲገባ ነው። በመድረክ ላይ የሚጨበጨብለት ንግግር ብቻውን የማንንም ደመወዝ አልጨመረም።

ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

በመካከላችን አንዲት እህት ስለ ደመወዝዋ ስትጠይቅ «ዓይን አውጣ» ወይም «ገንዘብ ወዳድ» ለማለት እንቸኩላለን። ነገር ግን በዘኍልቍ 27 የተጻፈውን እናስታውስ። አምስቱ የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴና በማኅበሩ ሁሉ ፊት ቆመው ርስት ጠየቁ። እግዚአብሔርም ጥያቄአቸው ትክክል መሆኑን ተናገረ፤ ለእስራኤልም ሥርዓት ሆነ። መጽሐፍ ቅዱስ የሠራተኛን ደመወዝ ማስቀረትን እንደ ቀላል ነገር አያልፈውም።

አሠሪ የሆንህ ወንድሜ፣ ሱቅ ቢኖርህ ወይም ትምህርት ቤት ብታስተዳድር፣ የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤትም ቢሆን፣ የደመወዝ መዝገብህን ክፈትና አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩትን ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን አስቀምጥ። ልዩነት ካለ፣ ምክንያቱን ሁለቱ ባሉበት ሳታፍር ልትናገረው ትችላለህ? ካልቻልህ አስተካክለው።

ወንድ ሠራተኛ የሆንህ ደግሞ፣ እህትህ ስትጠይቅህ የሚከፈልህን ከመናገር አትሽሽ። ለሊሊ ሌድቤተር አንድ ብጣሽ ወረቀት 19 ዓመት ዘግይቶ ደርሶአታል። በአሜሪካ የምትኖሩ እወቁ፤ ከ1935 ጀምሮ ባለው ሕግ አብዛኞቹ የግል ድርጅት ሠራተኞች ስለ ደመወዛቸው እርስ በርሳቸው መነጋገር መብታቸው ነው።

እህቴ ሆይ፣ አባቶቻችን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላሉ። የሠራሽበትን መጠየቅ ስግብግብነት አይደለም።