ፊደል፣ ስቴንስልና የእማማ ደብዳቤ

የዘጠኝ ዓመት ልጄ አማርኛ ትናገራለች። ስትናገር የሰማት ሰው እዚህ ኔቫዳ መወለዷን ይጠራጠራል። ፊደል ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባለፈው ሐምሌ ለአያቷ ሥዕል ልሥራ አለችና «እማማ» ብላ ለመጻፍ እርሳስ አነሳች። ሁለት ጊዜ ጻፈች፤ ሁለት ጊዜ አጠፋች። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ አንተ ጻፍልኝ። የኔ ፊደል አስቀያሚ ነው።»

እኔ ብጽፍላት በአንድ ደቂቃ ያልቃል። ሥዕሉ ግን የእሷ መሆኑ ይቀራል። ደግሞም ፊደልን አንዴ የሸሸ ልጅ ወደ ፊደል ለመመለስ እንደሚከብደው ከወዳጆቼ ልጆች አይቻለሁ። ስለዚህ «በስቴንስል እንሥራው» አልኳት። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ሠዓሊ አይደለሁም። ስቴንስል ግን ቀላል ነገር ይመስለኝ ነበር።

የምንኖርበት ኢንስፒራዳ ከላስ ቬጋስ በስተደቡብ፣ በሄንደርሰን ከተማ ውስጥ ያለ ሰፈር ነው። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ያልፋል። ልጆች ቀን ቀን ከቤት አይወጡም። ጊዜ በእጃችን ነበር።

ስቴንስል ምንድን ነው?

ስቴንስል ማለት ቅርጽ ተቆርጦ የወጣበት ስስ ፕላስቲክ ወይም ወረቀት ነው። ቀለም ሲቀባበት በቀዳዳው ብቻ ያልፋል፤ የተሸፈነው ቦታ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ዘዴው በጣም የቆየ ነው። በኢንዶኔዥያ፣ በሱላዌሲ ደሴት ዋሻዎች ውስጥ፣ ሰዎች እጃቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ዙሪያውን ቀለም ረጭተውበታል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ ቢያንስ 39,900 ዓመት እንዳለፈው ተመራማሪዎች ለክተዋል። እዚያ ስቴንስሉ የሰው እጅ ነው።

አክሪሊክ ግን አዲስ ቀለም ነው። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ለሠዓሊዎች ገበያ ላይ የዋለው በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። እርጥብ ሳለ በውሃ ይታጠባል፤ ሲደርቅ ግን ወደ ፕላስቲክ ይለወጣል፣ ውሃም አያስለቅቀውም። ስለዚህ በደረቀው ላይ ሌላ ቀለም ቢደረብ የታችኛው አይበላሽም። ከአክሪሊክ ጋር የሚሸጠው «ሚዲየም» የሚባለው ቀለም አልባ ፈሳሽ ደግሞ እንደ ሙጫ ያገለግላል። ወረቀት፣ ጨርቅና ክር ከቀለም ጋር የሚቀላቀሉበት ሥዕል፣ ማለትም ሚክስድ ሚዲያ፣ አክሪሊክን የሚወደው ለዚህ ነው።

በኢትዮጵያም በዚህ ዓይነት ሥራ የታወቁ አሉ። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ኤልያስ ስሜ የተጣሉ የኮምፒውተር ክፍሎችንና ባለቀለም ሽቦዎችን ሰብስቦ ትልልቅ ሥራዎችን ይሠራል። ይህን ለልጄ ሳሳያት «ያንተ ኮምፒውተርም ሥዕል ይሆናል ማለት ነው?» ብላ ላፕቶፔን አየችው። ከፍ አድርጌ አስቀመጥኩት።

«ፈተና ልታባዙ ነው?»

ለእናቴ ስልክ ደወልኩ። «እማዬ፣ በስቴንስል ሥዕል ልንሠራ ነው» ስላት ሳቀች።

«ስቴንስል? ፈተና ልታባዙ ነው እንዴ?»

እናቴ ደሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። በእሷ ዘመን ስቴንስል ማለት በሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነበር። በታይፕ ፊደሉ ሲመታበት ሰሙ ይገፋና ቀለም የሚያሳልፍ ቦታ ይከፈታል። ከዚያ ወረቀቱ በማባዣው ማሽን ላይ ይጠቀለላል። ማሽኑ ሲሽከረከር ቀለሙ በተከፈተው ቦታ አልፎ ባዶው ወረቀት ላይ ያርፋል። ፈተናው፣ ማስታወቂያው፣ የስብሰባ ጥሪው ሁሉ የሚባዛው እንዲህ ነበር። ፎቶ ኮፒ እስኪስፋፋ ድረስ «በስቴንስል የተባዛ» የሚለው አባባል በኢትዮጵያ ቢሮዎች የተለመደ ነበር።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለችኝ እናቴ። «ክብ ያለበት ፊደል አጥብቆ ከተመታ መሃሉ ተቆርጦ ይወድቃል። ያኔ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ክቡን ቀስ ነው።»

ሰማኋት፤ ግን ልብ አላልኩትም። «እማማ» የሚለውን ቃል በትልቁ አትሜ ከፕላስቲክ ፋይል ሽፋን ላይ በስለታም ቢላ ቆረጥኩት። እ ደህና ወጣች። ማ ላይ ስደርስ ግን በሆዷ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ክቦች ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። ልጄ የተረፈውን ቀዳዳ አየችና «አባዬ፣ ማ ድንች ሆነች» አለች።

ድልድይ ያስፈልጋል

ችግሩ ይህ ነው። የማ ሁለት ክቦች ውስጣቸው ባዶ ነው። ያ ባዶ ቦታ በስቴንስሉ ላይ ከምንም ጋር ስለማይያያዝ ይወድቃል። መፍትሔው ክቡን ከውጭኛው ፕላስቲክ ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ማሰሪያ ሳይቆርጡ መተው ነው። ይህ ማሰሪያ ድልድይ ይባላል። በጃፓን ጨርቅ ለማቅለም በሚቆረጡ የወረቀት ስቴንስሎች ላይ፣ ባለሙያዎች ለዚሁ ሥራ ቀጭን የሐር ክር ይዘረጉ ነበር።

ለልጄ አንድ ጨዋታ ሰጠኋት፤ «ድልድይ የሚፈልጉ ፊደሎችን ፈልጊ።» የፊደል ገበታውን ይዛ ቁጭ አለች። ሀ አይፈልግም፤ ክፍት ነው። ለ፣ በ፣ ተ አይፈልጉም። መ ሁለት ይፈልጋል። ወ፣ ዐ፣ ቀና ፀ ይፈልጋሉ። በ ራሱ ባይፈልግም ቤ ትፈልጋለች፤ እግሯ ላይ ቀለበት አለባት። እናንተም ሞክሩት። ልጄ ያን ቀን ያየችውን ያህል ፊደልን አተኩራ አይታ አታውቅም። «እማማ» ውስጥ አራት ክብ መኖሩን ቆጥራ የነገረችኝ እሷ ናት። ድልድዮቹን በእርሳስ የሣለችውም እሷ ናት፤ እኔ ቢላውን ብቻ ያዝኩ።

ደብዳቤው

ለሥዕሉ ከሥር ምን እንለጥፍ ስንል የእናቴ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ልጄ በተወለደች ሳምንት ለእሷ የጻፈችው ነው፤ ሁለት ገጽ፣ በእጅ ጽሑፍ። እስካሁን የማነብላት እኔ ነበርኩ።

ዋናውን ደብዳቤ አልነካንም። በቤታችን ፕሪንተር ኮፒ አወጣንና ለሥዕል በሚሆን ነጭ ጄሶ በተቀባ ጣውላ ላይ በሚዲየም ለጠፍነው። ወዲያው የእናቴ ጽሑፍ መሟሟት ጀመረ። የኛ ፕሪንተር ፈሳሽ ቀለም የሚረጭ ኢንክጄት ነው፤ ብዙዎቹ የኢንክጄት ቀለሞች እርጥበት ሲነካቸው ይለቃሉ። ልጄ ፊቷን አዞረች። ዋናውን ለጥፈነው ቢሆን ኖሮ ብዬ እኔም ደነገጥኩ። ቀለሙ በሙቀት ወረቀት ላይ ከሚጣበቅ ከሌዘር ፕሪንተር ሌላ ኮፒ አመጣሁ። እሱ አልሟሟም። ከታችም ከላይም ሚዲየም ቀባንና አየሩን በአሮጌ ካርድ ገፍተን አወጣን።

ከዚያ ልጄ ስቴንስሉን ደብዳቤው ላይ አስቀመጠችና ቆመች።

«አባዬ፣ ቀለሙ እዚህ ካረፈ የትኛውን ቃል ይሸፍናል?»

«አንብቢው» አልኳት።

ይህን አስቀድሜ አላሰብኩበትም። ሳያነቡ ግን የሚሸፈነውንና የሚቀረውን መምረጥ አይቻልም። አራት ምሽት ፈጀባት። አንድ መስመር፣ አንዳንዴ ግማሽ መስመር። በሁለተኛው ምሽት ጣቷን አንድ ቃል ላይ አድርጋ «የእማማ ማ ከኔ ማ ትብሳለች!» አለች። እውነቷን ነው፤ እናቴ በእጇ ስትጽፍ ትቸኩላለች። በአራተኛው ምሽት ይህን አነበበች፦ «አንቺ በተወለድሽ ቀን ገንፎ ተገንፍቶ ጎረቤት ሁሉ በላ። ያንቺን ድርሻ እኔ በላሁልሽ።»

«የኔን ገንፎ እማማ በላችው?»

እኔ እንዲቀር የፈለግሁት ሌላ መስመር ነበር፤ እናቴ የመረቀችበት። ልጄ ግን ገንፎውን መረጠች። ሥዕሉ የእሷ ነውና የገንፎው መስመር ሳይሸፈን ቀረ።

ቀለሙን እንዴት እንቀባ?

እዚህ ስህተት ሠርተን የተማርነውን ልንገራችሁ።

ቀለሙ ወፍራም ይሁን፤ ውሃ አትጨምሩበት። ቀጭን ቀለም በስቴንስሉ ጠርዝ ሥር ሾልኮ ይገባና ፊደሉን ያበላሻል። ስፖንጁን ቀለም አስነክታችሁ ሶፍት ላይ መታ መታ አድርጉት። ደረቅ እስኪመስል ድረስ ይራገፍ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች መታ መታ አድርጉ እንጂ አትጎትቱ። አንድ ወፍራም ቅብ ከምትቀቡ ሁለት ስስ ቅብ ይሻላል።

ጠርዙ ጥርት እንዲል ደግሞ ስቴንስሉን በፕላስተር ካያያዛችሁ በኋላ መጀመሪያ ቀለም አልባውን ሚዲየም በስሱ ቀቡበት። ከሥር የሚሾልክ ነገር ካለ ሚዲየሙ ሾልኮ ክፍተቱን ይደፍነዋል፤ እሱ ደግሞ አይታይም። ሲደርቅ ቀለሙን ደርቡ። ጨርሳችሁ ቀለሙ ሳይደርቅ ስቴንስሉን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱት፤ ወዲያው እጠቡት።

እንደኛ በረሃ የምትኖሩ ከሆነ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ ሳህን ላይ እንዳለ ይደርቅባችኋል። በትንሽ በትንሹ አውጡ። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ እርጥብ ሶፍት አንጥፉ፤ በላዩ የመጋገሪያ ወረቀት አድርጋችሁ ቀለሙን እሱ ላይ አስቀምጡ። ቬንትሌተሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩት። መቁረጡ ግን ሁልጊዜ የትልቅ ሰው ሥራ ነው።

ስቴንስሉ ከተነሳ በኋላ

«እማማ» በሰማያዊ ቀለም ጥርት ብላ ወጣች። ድልድዮቹ የነበሩበት ቦታ ግን ትንንሽ ክፍተት ሆኖ ቀረ። እነሱን መሙላት የሚቻለው በእጅ ብቻ ነው። ልጄ ብሩሹን ይዛ አመነታች።

ያን ጊዜ የወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍን ሥዕሎች አሳየኋት። ሠዓሊው በ1950 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ተወለዱ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ ታላቁ ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ያስተምሩበት በነበረው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1980 ማስተርሳቸውን አገኙ። በአሜሪካ ሲኖሩ ፊደልን የሥዕላቸው ዋና አካል አደረጉት፤ ብዙዎቹ ሥራዎቻቸውም በአክሪሊክ የተሠሩ ናቸው። በሥዕሎቻቸው ፊደሎቹ ይለጠጣሉ፣ ይሰበራሉ፣ ይገለበጣሉ። ልጄ አንድ ማ የምትመስል ቅርጽ አገኘች። «ይቺም ጠማማ ናት» አለች። ከዚያ ብሩሹን ቀለም ነክራ አራቱንም ክቦች ራሷ ዘጋች። ሁለቱ ላይ እጇ ወጣ ብሏል። አላጠፋችውም።

ማታ በቪዲዮ ለእናቴ አሳየናት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ቀረብ አለች። የልጄን ብሩሽ ወጣ ያለበትን አላየችም፤ ወይም አይታ ዝም ብላለች። ያየችው ገንፎውን ነው።

«ይህን ማን አነበበልሽ?»

«እኔ ነኝ ያነበብኩት» አለች ልጄ። «ገንፎዬን መልሽልኝ።»

እናንተም ቤታችሁ ከአያት የመጣ ደብዳቤ ካለ ኮፒውን በሌዘር አውጡና ጀምሩ። ከሌለ ደውሉና አንድ ገጽ በእጃቸው ጽፈው ፎቶውን እንዲልኩላችሁ ጠይቁ። ከዚያ አንድ ቃል ምረጡ፣ ክቦቹን ቁጠሩ፣ የትኛው መስመር ሳይሸፈን እንደሚቀር ደግሞ አንብባችሁ ወስኑ።